ማርሊን ፈሪ ነው?

ልጅ ባለበት ቤት አንድ ፊልም አንዴ ታይቶ አያልቅም። ሽንኩርት ስትከትፉ፣ ልብስ ስታጣጥፉ፣ ለቢሮ ኢሜይል መልስ ስትጽፉ ያው ፊልም ከጀርባችሁ ይሄዳል። መጀመሪያ ንግግሩን ሳትፈልጉ በቃላችሁ ትይዛላችሁ። ቀጥሎ ልጆቹ የማያዩትን ማየት ትጀምራላችሁ። እኔም በዚህ መንገድ በደንብ የተዋወቅሁት አንድ ሰው አለ፤ ሰው ስል ዓሣ ነው፣ ስሙ ማርሊን ይባላል። የዚህ ወር የዓምዳችን እንግዳ እሱ ነው።

ማርሊን «ፋይንዲንግ ኒሞ» በተባለው የፒክሳር አኒሜሽን ፊልም ውስጥ የትንሹ የኒሞ አባት ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ አንድሩ ስታንተን ያዘጋጀው፣ የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ኦስካርንም የወሰደ ነው። ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። በአውስትራሊያው ግሬት ባሪየር ሪፍ ውስጥ የሚኖር አንድ ብርቱካናማ ዓሣ አንድ ልጁ በጠላቂ ይያዝበታል። ልጁ ሲድኒ ከተማ ወደሚገኝ የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ተወስዶ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ከቤቱ ደጃፍ መውጣት የሚፈራው አባት ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ውቅያኖስ አቋርጦ ሊፈልገው ይነሳል። አብራው የምትጓዘው ዶሪ የምትባል ሰማያዊ ዓሣ ናት፤ የሰማችውን ሁሉ ወዲያው የምትረሳ።

ልጆች ይህን ፊልም የኒሞ ታሪክ አድርገው ነው የሚያዩት። ርዕሱም እንደዚያ ይላል። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይበልጥ የሚለወጠው ማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን መልሱ አባትየው ነው። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ማርሊን ፈሪ ነው?

ጥያቄው ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በየቤታችን ስለ ሰው ባሕርይ የተሰጠ ፍርድ አለ። «ተፈጥሮው ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ?»፣ «እሷ ከልጅነቷ ድንጉጥ ናት»፣ «የአባቱን ወጥቶ ነው»። እነዚህ አባባሎች በራሳቸው የስብዕና ንድፈ ሐሳቦች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም እንጂ። አንድን ሰው በየትኛው ንድፈ ሐሳብ እንዳየነው ደግሞ ከእሱ ምን እንደምንጠብቅ፣ ይለወጣል ብለን ተስፋ ማድረግ አለማድረጋችንንም ይወስናል።

በመሥሪያ ቤቶች ሥልጠና ላይ የስብዕና ፈተና መውሰድ ፋሽን ከሆነ ሰንብቷል። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተሰብስባችሁ ቅጽ ትሞላላችሁ፣ አራት የእንግሊዝኛ ፊደል ይሰጣችኋል፣ ከሻይ ዕረፍት ስትመለሱ ሰዉ ሁሉ በፊደሉ ይጠራራል። ማየርስ ብሪግስ የሚባለውን ይህን ፈተና ያዘጋጁት እናትና ልጅ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አልነበሩም። የስብዕና ተመራማሪዎችም ለጥናታቸው በአብዛኛው የሚመርጡት ሌላ መለኪያ ነው። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰውን በቡድን በቡድን መክፈል እንጀራዬ ስለሆነ በፊደሎቹ ላይ ብዙ ልፈርድ አልችልም። «ዕድሜዋ ከ28 እስከ 40፣ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ያላት፣ ለልጇ የምትሳሳ» ብለን በወረቀት ላይ ሴት እንፈጥራለን፤ ማስታወቂያው የሚሠራው ለእሷ ነው። ይህች ሴት በመላው ዓለም የምትወደድ ደንበኛ ናት፤ የምትሳሳ እናት ዋጋ ብዙ አትከራከርም። ሳሙናው «ከጀርም ይከላከላል» ሲል፣ ወተቱ «ለዕድገቱ» ሲል የሚያናግረው ፍርሃቷን ነው። ማርሊን ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ ከእኛ ጥሩ ደንበኞች አንዱ ይሆን ነበር።

ወደ እሱ እንመለስ። ተመራማሪዎች የሚመርጡት ያልኳችሁ መለኪያ ቢግ ፋይቭ ይባላል። የሰውን ስብዕና በአምስት መስመሮች ላይ ያስቀምጣል፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቃቄና ሥርዓት፣ ተጫዋችነት፣ ለሰው ምቹ መሆን፣ በመጨረሻም ለጭንቀት ቅርብ መሆን። የአምስቱ የእንግሊዝኛ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ኦሽን» የሚል ቃል ይሰጣሉ፤ ውቅያኖስ ማለት ነው። ለዓሣ ከዚህ የተሻለ ፈተና ከየት ይመጣል?

የማርሊን ውጤት ለመገመት ቀላል ነው። ጭንቀቱ ከጣሪያ በላይ፣ ጥንቃቄውም እንዲሁ፣ ለአዲስ ነገር ያለው ፍላጎት ከወለል በታች። የልጁ የመጀመሪያ የትምህርት ቀን ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ትምህርቱን አምስት ስድስት ዓመት ማዘግየት ይቻላል ይላል። ከቤታቸው ሲወጡ አንዴ ወጣ፣ አንዴ ገባ፣ እንደገና ወጣ፣ እንደገና ገባ እያለ አደጋ መኖር አለመኖሩን ያያል። ኒሞ ትንሽ ሲደናቀፍ ራሱን ስቶ እንደሆነ ለማወቅ «ስንት መስመር አለኝ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ «ሦስት» ሲል አባት ይደነግጣል፤ ከዚያ የራሱን መስመሮች ይቆጥራል። ሦስት ናቸው። ልጄ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ትስቃለች። እኔ የምስቀው ግን ሌላ ሰው ትዝ እያለኝ ነው፤ እሱን ቆይቼ አነሳዋለሁ።

በቢግ ፋይቭ ብንሄድ ጉዳዩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር፦ ማርሊን ፈሪ ነው፣ ተፈጥሮው ነው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ሰዎች በእነዚህ ባሕርያት ከሚለያዩበት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከዘር እንደሚመጣ ያሳያሉ። ፊልሙ ግን ሥራውን የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የምናየው ማርሊን ሌላ ነው። ለሚስቱ ለኮራል አዲሱን ቤታቸውን እያሳየ ይኩራራል፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ፣ ውቅያኖሱ ወለል ብሎ የሚታይበት፣ ብዙዎች ሲመኙት የነበረ ቤት። ከ400 በላይ ዕንቁላል አላቸው፤ ግማሹን በእኔ፣ ግማሹን በአንቺ ስም እንሰይማቸው እያለ ይቀልዳል። እርግጥ ነው፣ «ልጆቹ ባይወዱኝስ?» የምትል አንዲት የጭንቀት ጠብታ ያኔም ነበረችው። ኮራል ትስቅበታለች፣ እሱም ይስቃል። ከዚያ ባራኩዳ የሚባለው ትልቅ አዳኝ ዓሣ ይመጣል። ማርሊን ሊታገለው ሲሞክር ተመትቶ ራሱን ይስታል። ሲነቃ ሌሊት ነው። ሚስቱም ዕንቁላሎቹም የሉም። የቀረችው አንዲት የተሰነጠቀች ዕንቁላል ናት፤ አቅፎ ምንም ነገር እንዳይደርስብህ አደርጋለሁ ብሎ ይምላል።

እንግዲህ በዚያ መሐላ የሚኖርን ሰው በፈተና ብትለኩት ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ከየት እንደመጣ ግን ቁጥሩ አይነግራችሁም። ደግሞም አስቡት፦ እኛ ተመልካቾቹ ባራኩዳውን አይተናል። ኒሞ ግን ያኔ ዕንቁላል ውስጥ ነበር። እሱ የሚያውቀው «ውቅያኖሱ አደገኛ ነው» እያለ የሚያስጠናውን አባት ብቻ ነው።

አሁን ያቆየሁትን ሰው ላንሳው። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ መስመሩ ጅቡቲ። የአፋርን በረሃ በሌሊት ያቋርጣል፣ ጎማ ፈንድቶበት ብቻውን ያድራል፣ ስለዚህ ሁሉ ሲያወራ ገበያ ደርሶ እንደመጣ ሰው ነው። እኔ ግን ስምንተኛ ክፍል እስክደርስ አስፋልት ብቻዬን ተሻግሬ አላውቅም። እሱ መንገድ ላይ ሲሆን ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድሜ ከሌለ የጎረቤት ልጅ እጄን ይዞ ያሻግረኛል። ካደረበት ከተማ ሲደውል ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀው «ዛሬ ማን አሻገራት?» ብሎ ነበር። ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። ሚሌ አካባቢ ከፊቱ ይሄድ የነበረ መኪና አንዲት ትንሽ ልጅ ሲገጭ ማየቱን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ያውም ከእሱ አፍ ሳይሆን ከቀድሞ ረዳቱ። የእኔ አባት ባራኩዳ እሱ ነበር። ታሪኩ ሲጀመር እኔ በቦታው አልነበርኩም።

አባቴን ፈሪ ብዬ ልጠራው እችላለሁ? በረሃውን የሚያውቁት የሙያ ጓደኞቹ ይስቁብኛል። ዋልተር ሚሼል የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ የሙያ ባልደረቦቹን ያስቆጣ ነገር የተናገረው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ሰው በሁሉም ቦታ ያው ነው የሚለው እምነታችን በማስረጃ ሲፈተሽ ደካማ ነው አለ። አንዱ ቦታ ደፋር የሆነ ሌላው ቦታ ይንቀጠቀጣል፤ ቤት ውስጥ ቁጡ የሆነ ቢሮ ውስጥ በግ ነው። በኋላ ላይ ሚሼልና ባልደረቦቹ ሐሳቡን አሻሻሉት፦ ስብዕና ማለት «እንዲህ ከሆነ እንዲያ ያደርጋል» የሚለው የራስ ቅርጽ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ፈሪ ሊባሉ ይችላሉ፣ የሚፈሩበት ቦታ ግን እንደ አሻራ ይለያያል።

ማርሊንን በዚህ መነጽር እዩት። ልጁ አጠገቡ ሲሆን ከቤቱ ደጃፍ መራቅ ያቅተዋል። ልጁ ሲወሰድበት ግን ሻርኮች መካከል ይገባል። የጠላቂው መነጽር ወደ ጨለማው ጥልቅ ሲወድቅበት፣ የልጁ አድራሻ የተጻፈበት እሱ ላይ ስለሆነ፣ ተከትሎት ይወርዳል። በሚያቃጥሉ ጄሊፊሾች መካከል ዶሪን ለማዳን ተመልሶ ይገባል። ይህ ፈሪ ነው? ለእኔ የማርሊን አሻራ እንዲህ ይነበባል፦ ልጄ አደጋ ሊደርስበት ይችላል ብሎ ካሰበ ሽባ ይሆናል፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ አንበሳ ነው። ብዙ የማውቃቸው እናቶችም እንዲሁ ናቸው። ልጁ ትኩሳት ሳይነካው በፊት ይርበደበዳሉ፤ ሆስፒታል ሲገባ ቤቱን በሙሉ ቀጥ አድርገው የሚይዙት እነሱ ናቸው።

በነገራችን ላይ በእውነተኛው ባሕር ውስጥ የዚህ ዝርያ ዓሣ ሚስቱ ስትሞት የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ወንዱ ጾታውን ቀይሮ ሴት ይሆናል። ፒክሳሮች ይህን ለምን እንደዘለሉት ይገባኛል።

እስካሁን ስለ አባት አወራን። ፍርሃቱ ልጁ ላይ ምን ይሠራል ወደሚለው ስንሻገር የምጠራው አልፍሬድ አድለርን ነው። ይህ የቪየና ሐኪም በልጅነቱ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት በሽታ ይዞት ስለነበር እንደ እኩዮቹ መሮጥ የማይችል ልጅ ነበር። ደካማ አካል ያለው ሰው ጉድለቱን ለማካካስ ስለሚያደርገው ጥረት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ዛሬ በየመንገዱ የምንጠቀምበት «የበታችነት ስሜት» የሚለው አባባል በዓለም ላይ የገነነው በእሱ ሥራ ነው። አድለር አንድን ልጅ ተስፋ ሊያስቆርጡ የሚችሉ ሦስት ሸክሞች አሉ ይላል፦ የአካል ድካም፣ ችላ መባል እና መሞላቀቅ። ሦስተኛው ያስገርማል። እኛ የተሞላቀቀ ስንል ከረሜላ የበዛለትን ነው። አድለር ግን የሚለው ራሱ ሊሠራው የሚችለው ነገር ሁሉ በሌላ ሰው የሚሠራለትን ልጅ ነው። ችላ የተባለው ልጅ «አትፈለግም» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ የተሞላቀቀው ደግሞ «አትችልም» የሚል።

ኒሞ ከሦስቱ ሁለቱን ተሸክሟል። ከተሰነጠቀችው ዕንቁላል የወጣው አንድ ክንፉ ትንሽ ሆኖ ነው። አባቱ «የዕድል ክንፍ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። እንዴት ደስ ይላል! ግን ያው አባት በየደቂቃው ስለዚያች ክንፍ ያስታውሰዋል፤ ደክሞህ እንደሆነ፣ በደንብ መዋኘት አትችልም፣ ተጠንቀቅ። ልጅ ደግሞ ከስሙ ይልቅ የሚያምነው አያያዙን ነው።

በፊልሙ ውስጥ በጣም የሚያመኝ ቦታ ባራኩዳው አይደለም። ኒሞና ሦስት የክፍል ጓደኞቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመው ራቅ ብላ የምትታየውን ጀልባ እያዩ ይፎካከራሉ። ልብ ብላችሁ እዩት፦ ኒሞ አልሄደም። «አባቴ አደገኛ ነው ይላል» ብሎ ወደ ኋላ እያለ ነበር። በዚህ መሃል ማርሊን ይደርሳል፤ ሳይጠይቅ፣ በጓደኞቹ ፊት፣ በመምህሩ ፊት፣ ትችላለህ ብለህ ታስባለህ እንጂ አትችልም ይለዋል። ልጁ እጠላሃለሁ ብሎ ይመልሳል፤ ወደ ጀልባዋም ይሄዳል። የተያዘው በዚያ ምክንያት ነው። ማርሊን ሊከላከለው የፈለገውን አደጋ ጠርቶ ያመጣው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ዳይሬክተሩ ስታንተን የፊልሙ ሐሳብ ከየት እንደመጣለት ተናግሯል። ሥራ በዝቶበት ከአምስት ዓመት ልጁ ጋር ጊዜ ማሳለፍ ስላልቻለ አንድ ቀን ወደ መናፈሻ ይወስደዋል። ውስጡ በናፍቆት ተሞልቷል። ከአፉ የሚወጣው ግን አትንካ፣ ትወድቃለህ፣ እዚያ አትሂድ ብቻ ነበር። በፍርሃት ምክንያት ከልጁ ጋር የነበረችውን ያቺን ጊዜ እያጣት መሆኑን ያኔ አስተዋለ። እናንተም በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጃችሁን ይዛችሁ ስትወጡ ከአፋችሁ የሚወጡትን ቃላት ቁጠሩ፤ ስንቱ «አት» ብሎ ይጀምር ይሆን?

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከውጭ የሚመጡ ብዙ የልጅ አስተዳደግ ምክሮች «ልቀቋቸው» ይሉናል። ምክሩን የጻፈው ሰው ደጃፍ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ የለም፣ ባጃጅ በእግረኛ መንገድ ላይ አይነዳም። ማርሊን ውቅያኖሱ አደገኛ ነው ሲል አልዋሸም፤ ባራኩዳው ነበር፣ ጠላቂውም መጣ። ፊልሙን የምወደው ይህን ስለማይክድ ነው። የሚያሳየን ሌላውን ወላጅ ነው፤ የ150 ዓመቱን የባሕር ኤሊ ክረሽን። ኤሊዎቹ በምሥራቅ አውስትራሊያ የባሕር ጅረት ላይ ሲፈስሱ የክረሽ ትንሽ ልጅ ከጅረቱ ይወጣና ይጠፋል። ማርሊን ሊያድነው ሲወረወር ክረሽ ያስቆመዋል፤ ቆይ፣ ምን እንደሚያደርግ እንይ ይለዋል። ክረሽ ቤቱ ተኝቶ ቴሌቪዥን እያየ አይደለም። እዚያው አለ፣ ዓይኑ ልጁ ላይ ነው፣ እጁን ብቻ ሰብስቧል። ትንሹ ኤሊ ራሱን አሽከርክሮ ሲመለስ አባቱን «አየኸኝ?» ይላል። ማርሊን ይጠይቃል፦ ዝግጁ መሆናቸውን በምን ታውቃለህ? ክረሽ በእርግጠኝነት ማወቅ እንደማይቻል ነው የሚመልስለት።

ይህ ትዕይንት ለአልበርት ባንዱራ ንድፈ ሐሳብ የተሠራ ማስታወቂያ ይመስላል። ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ሰው አንድን ነገር ለመሥራት የሚነሳው «እችለዋለሁ» ብሎ ባመነው መጠን ነው አለ። እባብ አጥብቀው የሚፈሩ ሰዎችን ይረዳ ነበር። ከምክር ይልቅ ደረጃ በደረጃ ነበር የሚያስኬዳቸው፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው እባቡን ሲይዝ ማየት፣ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ መቆም፣ ከዚያ በጓንት መንካት፣ በመጨረሻም በባዶ እጅ። «እችላለሁ» የሚለው እምነት ምንጮቹ አራት ናቸው ይላል፦ ራስ ሠርቶ ማየት፣ እንደ ራስ ያለ ሰው ሲሠራ ማየት፣ ከሚታመን ሰው «ትችላለህ» መባል፣ ሰውነት በጭንቀት ሲመታ ያንን እንዴት እንደምንተረጉመው። ከሁሉም ጠንካራው የመጀመሪያው ነው።

ኒሞ ይህን የሚያገኘው ከአባቱ ርቆ መሆኑ ያሳዝናል። የጥርስ ሐኪሙ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ገና ሳይለምድ የውኃ ማጣሪያው ቱቦ ይውጠዋል። ሌሎቹ ዓሦች ሊያወጡት ሲሮጡ ጊል የሚባለው ጠባሳ ያለበት ዓሣ «ማንም እንዳይነካው» ይላል። ኒሞ አንድ ክንፌ ደካማ ነው ብሎ ያለቅሳል። ጊል ዞር ብሎ የራሱን የተበላሸ ክንፍ ያሳየዋል። ልጁ እየተፍጨረጨረ ብቻውን ይወጣል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ምንጮች ተከፈቱለት።

ጊልን ግን አታሞግሱት። ከገንዳው ለማምለጥ ያለው ጉጉት ዓይኑን ጋርዶት ትንሹን ልጅ የማጣሪያውን ማሽን በጠጠር እንዲያቆም ይልከዋል፤ ማሽኑ ልጁን ሊፈጨው ለጥቂት ይተርፋል። «ትችላለህ» ማለትና ልጁን ለራስ ዓላማ መጠቀም ድንበራቸው ቀጭን ነው። ልጃቸውን ሐኪም ካልሆነ ብለው የሚያስጨንቁ ወላጆችም ከጊል ወገን ናቸው። ኒሞ ሁለተኛ ጊዜ ሞክሮ ማሽኑን የሚያቆመው ማንም ሳይልከው ነው፤ ምክንያቱም አባቱ ሻርክ ተዋግቶ፣ ጄሊፊሽ አልፎ ሊፈልገው እየመጣ መሆኑን ሰምቷል። ያ «አደገኛ ነው» ባዩ አባት! አባትየው በአንደበቱ ካስተማረው ዓመታት ይልቅ በሩቅ የተሰማው ይህ ወሬ በለጠ።

የእኛ ቤት ደረጃ በደረጃ ልምምድ የተጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሱቁ ግቢው ውስጥ ነው፤ ከመስኮታችን ይታያል። በመጀመሪያው ሳምንት አብሬያት ወርጄ እሷ ትከፍላለች። በሁለተኛው ደረጃው ሥር ቆምኩ። ከዚያ መስኮቱ ጋ። ጨው ልኬያት ስኳር ይዛ የመጣችበት ቀን አለ፤ ራሷ ተመልሳ ቀይራ መጣች፤ ባለሱቁን እንዴት እንዳሳመነችው እስከ ማታ ድረስ ስታወራ ነበር።

ባለፈው እሑድ አባቴ ሊጠይቀን መጥቶ ሳለ ዳቦ እንድታመጣ ላክኋት። ቡናው ቀርቦ ነበር። እሱ ስኒውን አስቀምጦ ተነሳ።

«ማን ያሻግራታል?»

«አባዬ፣ የምትሻገረው አስፋልት የለም እኮ። ግቢ ውስጥ ነው።»

«መኪና ይገባ የለም?»

«ይገባል። ዳር ዳሩን ትሄዳለች፤ ና፣ ከዚህ ይታያል።»

መስኮቱ ጋ ጎን ለጎን ቆምን። ልጅቱ ከታች ወጣች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ የቆመች መኪና ጀርባ ስትደርስ ለአፍታ ጠፋች። አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ዕድሜውን በሙሉ መሪ ሲጨብጥ የኖረ እጅ ነው፤ ያማል። ልጅቱ በሌላው በኩል ብቅ አለች። እጁን ግን ዳቦውን ይዛ ደረጃው ውስጥ እስክትገባ አልለቀቀም። ሁለተኛውን የቡና ስኒ ዝም ብሎ ጠጣ፤ ልጅቱን ስትመጣ የጠየቃት ስንት ዳቦ እንደሰጧት ነበር።

የአባቴ የጭንቀት ነጥብ በቢግ ፋይቭ ቢለካ ያን ቀን የቀነሰ አይመስለኝም። የማርሊንም አልቀነሰም። ኒሞን ካገኘው በኋላ ወዲያው ዶሪ ከብዙ ዓሦች ጋር በአሳ አጥማጆች መረብ ትያዛለች። ኒሞ ሁሉም ወደ ታች እንዲዋኙ ለመንገር መረቡ ውስጥ መግባት አለብኝ ይላል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ከመረቡ ቀዳዳ ሊገባ የሚችለው ትንሹ እሱ ነው። ማርሊን ክንፉን ይዞታል። ዳግመኛ አላጣህም ይለዋል፤ ፊቱ ላይ የሚታየው ያው የመጀመሪያው ሌሊት ነው። ቀጥሎ ይለቀዋል፤ ቀድሞ «አትችልም» ባለበት አፉ እንደምትችል አውቃለሁ ይለዋል። ባሕርይ ተለወጠ የምትሉ ከሆነ፣ ቢግ ፋይቭን የሚያጠኑት ሰዎች ባሕርይ ቀስ በቀስ በዓመታት እንጂ በአንድ ጉዞ ብዙ እንደማይለወጥ ይነግሯችኋል። እኔ የማየው የሚሼልን «እንዲህ ከሆነ» ነው። «ልጄ አደጋ ሊደርስበት ይችላል» የሚለው ግማሽ እዚያው አለ፣ «እንዲያ ያደርጋል» የሚለው ሌላው ግማሽ ተቀየረ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን የማርሊን ታሪክ ስነግራቸው «ባለቤቴን አየሁት» ይሉኛል፤ አንዷ ደግሞ «እኔን ነው» አለች። ለእነሱ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጆቻችሁ ስለ ባራኩዳው ያውቃሉ? ለስድስት ዓመት ልጅ ስለ አደጋ ዝርዝር አይነገራትም፣ እሱን እረዳለሁ። ለአሥራ አምስት ዓመቱ ግን ሊነገረው ይችላል። እኔ አባቴን ከረዳቱ ሳይሆን ከራሱ ብሰማው ኖሮ እጄን ይዘው ሲያሻግሩኝ እያፈርኩ ባልተሻገርኩ ነበር።

ፊልሙን ካያችሁት አይቀር እስኪያልቅ ድረስ ቴሌቪዥኑን አታጥፉት። ጊልና ጓደኞቹ በመጨረሻ ከገንዳው አምልጠው ውኃ በተሞላ ፌስታል ውስጥ እንደታሰሩ ባሕሩ ላይ ይንሳፈፋሉ። ነፃ ወጥተዋል፣ ፌስታሉን የሚፈታው ግን የለም፤ አንዱ አሁንስ ምን እናድርግ ብሎ ይጠይቃል። ስለ ዶሪ ብዙ አንባብያን እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ማስታወስ የማይችል ሰው ስብዕናው ምን ላይ ይቆማል የሚለው ትልቅ ጥያቄ ስለሆነ በዚህ ገጽ ጥግ አላስገባውም፤ በሚቀጥለው ወር ሙሉ ዓምዱን ለእሷ እሰጣለሁ።